ማደንዘዣው ሳይበዛ የሚመጣ ሞት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤነኛ ሆኖ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባ ወጣት ሬሳው ሲወጣ ለቅሶ ቤት የሚወራውም፣ ጋዜጣ ላይ የሚጻፈውም አንድ ነው፦ «ማደንዘዣ በዝቶበት ነው»። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን መጠኑ በትክክል ተለክቶ ቢሰጥም የሚገድል፣ በዘር የሚወረስ ችግርም አለ፤ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ይባላል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ስለሆነ አንዳንዱ ባለሙያ አንድም ቀን ሳያየው ጡረታ ይወጣል። በሰመመን ሕክምና የምንሠራ ሰዎች ይህን የምንጽፈው፣ «በዛበት» ተብሎ የተዘጋ ሞት የሟቹን ወንድም ወይም ልጅ ለዚያው አደጋ ስለሚተወው ነው።

ጡንቻ ሲኮማተር ካልሲየም ከማከማቻው ይወጣል፣ ሲላላ ይመለሳል። ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ ግን የማከማቻው በር አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ ይላል። ጡንቻው ያለ ዕረፍት እየሠራ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል፤ ኋላም እየፈረሰ ፖታሲየም ወደ ደም ይለቃል። ልብን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ይህ ፖታሲየም ነው። ቀስቃሾቹ የሚተነፈሱት ማደንዘዣዎች ሃሎቴን፣ አይዞፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬንና ዴስፍሉሬን፣ እንዲሁም የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት የሚወጋው፣ ጡንቻ የሚያላላው ሳክሲኒልኮሊን ናቸው። ሃሎቴን በአገራችን ሆስፒታሎች ለብዙ ዓመታት ስንሠራበት የኖርነው መድኃኒት ነው።

ስሙ ስለ ሙቀት ስለሚናገር ሁሉም የሚጠብቀው ትኩሳትን ነው። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ቀድሞ የሚታየው በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ ላይ ነው፦ 35 ወይም 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የነበረው 60፣ 80 እያለ ይወጣል፣ ትንፋሹ እንዲፈጥን ቢደረግም አይወርድም። የልብ ምት ይሮጣል፣ እጅና እግር ይገተራል። ከሳክሲኒልኮሊን በኋላ መንጋጋ ተቆልፎ አልከፈት ካለም ማስጠንቀቂያ ነው። ካፕኖግራፍ በሌለበት ክፍል እጅዎን ሶዳ ላይሙ (የታማሚውን ትንፋሽ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያጠራው የማሽኑ ጠጠር) ያለበት ዕቃ ላይ ያሳርፉ። ሶዳ ላይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመጥ ይሞቃል፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነና አዲስ የተሞላው ጠጠር በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙን ከለወጠ ግን ሌላ ማስረጃ አይጠበቅም።

የሚያደናግሩ ነገሮች ብዙ ናቸው። አትሮፒን የተሰጠው ሕፃን ይሞቃል፤ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ታማሚም ያተኩሳል። እንቅርት በበዛበት አገራችን የታይሮይድ ማዕበልም (የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን በድንገት ሲያይል የሚመጣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን) አለ፤ እሱ ግን በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው ሰዓታት በኋላ ይመጣል፣ ጡንቻም አያደርቅም። ከሁሉ የሚከፋው የልብ ምቱን መፍጠን አይቶ «ሰመመኑ ሳስቷል» ብሎ ሃሎቴን መጨመር ነው፤ እሳት ላይ ቤንዚን እንደ ማርከፍከፍ ይቆጠራል። ጥርጣሬ ካለ ሃሎቴኑን ዘግቶ በደም ሥር በሚሰጡት በፕሮፖፎል ወይም በኬታሚን ማስተኛት ይሻላል፤ ግምቱ ስህተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ታማሚው የሚያጣው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ብዙ ነው። የሚተነፈሰውን ማደንዘዣ የሚያተነውን ዕቃ (ቫፖራይዘሩን) ማውጣት፣ 100 በመቶ ኦክስጅን በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ መልቀቅ፣ ቀዶ ሕክምናውን ባጭሩ መቋጨት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ በረዶ ማድረግ፣ ሙቀቱ 38.5 ሲደርስ ማቀዝቀዙን ማቆም። ለፖታሲየሙ ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ኢንሱሊንም ከግሉኮስ ጋር ይሰጣል። ሽንት ጥቁር ቡና ከመሰለ ጡንቻው እየፈረሰ ስለሆነ ኩላሊቱ እንዳይጎዳ ፈሳሽ ይጨመራል።

በሽታውን ከሥሩ የሚያቆመው መድኃኒት ግን አንድ ነው፤ ዳንትሮሊን። የተለመደው ብልቃጥ 20 ሚሊግራም ሲሆን የሚሟሟው በ60 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውኃ ብቻ ነው፤ በሳላይንም በግሉኮስም አይሆንም። መነሻው በኪሎ 2.5 ሚሊግራም ስለሆነ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 175 ሚሊግራም፣ ማለትም 9 ብልቃጥ ያስፈልጋል። ዱቄቱ ቶሎ አይሟሟም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰው ሌላ ሥራ ሳይዝ እየበጠበጠ ማቀበል አለበት። መጠኑ ሊደገም ስለሚችል ቢያንስ 36 ብልቃጥ እንዲኖር ይመከራል። መድኃኒቱ ሳይኖር በፊት ከአሥሩ ሰባቱን ያህል ይገድል የነበረው በሽታ፣ በጊዜ ከተሰጠ ዛሬ ከአሥር አንዱንም አይገድልም።

ዳንትሮሊን ውድ ነው፣ ሳይነካም ጊዜው ያልፍበታል። እያንዳንዱ ሆስፒታል ይግዛ ማለት አይቻልም። በየከተማው ያሉ ሆስፒታሎች ግን በጋራ አንድ ቦታ አስቀምጠው፣ ሌሊትም የሚነሳ ስልክ ቁጥር በየኦፕራሲዮን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ይቻላል። ጤና ሚኒስቴር ይህን እንዲያስብበት እንጠይቃለን።

በሽታው የታወቀውም በቤተሰብ ታሪክ ነው። በሜልበርን፣ አውስትራሊያ፣ እግሩ የተሰበረ የ21 ዓመት ተማሪ ከስብራቱ ይልቅ ማደንዘዣውን ፈራ፤ አሥር ዘመዶቹ በኤተር፣ በድሮው የሚተነፈስ ማደንዘዣ፣ ሞተውበታል። ሃሎቴን ተሰጥቶት ነገሩ ተነሳበት፣ ግን ተረፈ። ሐኪሙ ማይክል ደንቦሮ ከባልደረባው ጋር በ1960 እ.ኤ.አ. ለላንሴት የሕክምና መጽሔት ይህንኑ በአጭር ደብዳቤ አሳወቁ። ችግሩ ካለበት ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከዚህ በፊት በሰላም ተኝቶ መነሳትም ዋስትና አይሆንም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ የሚነሳበት ሰው አለ።

ስለዚህ ኦፕራሲዮን ሊደረግ የተዘጋጀ ሰው ሳይጠየቅም ይናገር፦ ከዘመድ መካከል ኦፕራሲዮን ላይ ሳለ ሰውነቱ የጋለ፣ የደረቀ ወይም ሳይታሰብ የሞተ አለ? ካለ ወገብ ላይ በሚወጋ ማደንዘዣ፣ ወይም በፕሮፖፎልና በኬታሚን በደህና መሥራት ይቻላል፤ ማሽኑ ግን አስቀድሞ ሶዳ ላይሙ ተቀይሮ በብዙ ኦክስጅን መታጠብ አለበት። ሐኪሞችም እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የተሰጠውን መድኃኒት ስም፣ የሆነውን ነገርና የተጠረጠረውን በሽታ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ለቤተሰቡ እጅ ይስጡ።

የሰመመን ሕክምና ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ