‹ኦሬ› ሁሉ ‹ነበር› አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

የውጭ ዜና ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። ዕድሜዬን ፈረንሳይኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አመሉ ግን አልለቀቀኝም። ከፈረንሳይ ጋዜጣ የተተረጎመ ዜና ሳይ ዋናውን እፈልግና ሁለቱን ጎን ለጎን አነባለሁ፤ የተማሪ ደብተር የማርም ይመስል እርሳስ ይዤ።

ሰሞኑን ካወጣችኋቸው ዜናዎች አንዱ «ሚኒስትሩ ከአገር በወጡ ነበር» ይላል። ይህን ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገባው። ሰውዬው አልወጡም። የሆነ ነገር ባይዛቸው ኖሮ ግን ይወጡ ነበር። ምን ያዛቸው ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ምንም የለም።

ዋናው ጽሑፍ «ለ ሚኒስትር ኦሬ ኪቴ ለ ፔዪ» ነው የሚለው። ሚኒስትሩ ከአገር ወጥተዋል ተብሏል ማለት ነው። ጋዜጠኛው ወሬውን ሰምቷል፤ ግን ራሱ አላረጋገጠም። ያንን ለአንባቢው የነገረው በግሱ፣ ‹ኦሬ› በምትለው ረዳት ቃል ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ወጡ የተባሉት ሰው ቤታቸው ቁጭ አሉ።

ተርጓሚውን ብዙም አልወቅስም። ይህ የግስ ጊዜ ኮንዲስዮኔል ፓሴ ይባላል፤ ኮንዲስዮኔል «ቢሆን ኖሮ» የሚያሰኘው የግስ መልክ ነው፣ ፓሴ ደግሞ ያለፈ ማለት ነው። አብዛኛው መማሪያ መጽሐፍ «ባውቅ ኖሮ በመጣሁ ነበር» በሚለው ይጀምርና እዚያው ላይ ይዘጋዋል። ሌላውን አገልግሎት የሚጠቅሰውም ቢሆን ገጹ ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል ነው። ማን ያነበዋል?

አሠራሩ ራሱ ቀላል ነው፤ ብዙ አላቆይዎትም። ረዳት ግስ ይወስዳሉ፤ ወይ አቩዋር («አለው» የሚለው) ወይ ኤትር («ነው» የሚለው)። እሱን በኮንዲስዮኔል ያረባሉ። አቩዋር ከሆነ ዦሬ፣ ቱ ኦሬ፣ ኢል ኦሬ፣ ኑ ዞርዮን፣ ቩ ዞርዬ፣ ኢል ዞሬ ይሆናል። ኤትር ከሆነ ደግሞ ዠ ሰሬ ብለው ይቀጥላሉ። ከዚያ የዋናውን ግስ ፓርቲሲፕ ፓሴ፣ ማለትም ከረዳቱ ጋር የሚሄደውን ያለፈ መልኩን፣ ያስከትሉበታል። ዦሬ ፊኒ፣ በጨረስኩ ነበር፤ ዠ ሰሬ ቨኑ፣ በመጣሁ ነበር። አለቀ። የተለመደውን ኃላፊ ጊዜ፣ ፓሴ ኮምፖዜን የሚያውቅ ተማሪ ረዳቱን ብቻ ነው የሚቀይረው።

ኤትር የሚወስዱት ግሶችም ያው ናቸው። አሌ (መሄድ)፣ ቨኒር (መምጣት)፣ ፓርቲር (ተነሥቶ መሄድ)፣ ናትር (መወለድ)፣ ሙሪር (መሞት) እና ዘመዶቻቸው፤ በተጨማሪም በ‹ሰ› የሚጀምሩት ተገላቢጦሽ ግሶች በሙሉ። እዚህ ላይ ፓርቲሲፑ አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። ሴት ከሄደች ‹ኤል ሰሬ ፓርቲ› ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማትነበብ ፊደል ትጨመራለች። ከአቩዋር ጋር ግን የሚስማማው ቀድሞ ከመጣ ተሳቢ ጋር ነው። ‹ዦሬ ኤክሪ› ያለው ሰው ደብዳቤዋን ካስቀደመ ‹ላ ሌትር ከ ዦሬ ኤክሪት› ይላል፤ ‹ት›ዋ በጆሮም ትሰማለች። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ይህን ይዘሉታል፤ ተማሪ ቢስተው ብዙ አልቆጣም።

የምቆጣው በሌላ ነው። ‹ዦሬ ፊኒ› የሚለውን በጆሮ ብቻ የሰማ ሰው ሁለት ነገር ሊረዳ ይችላል። አንዱ በጨረስኩ ነበር፣ ሌላው ወደፊት ጨርሼ እገኛለሁ። በጽሑፍ የሚለያቸው በፊተኛው ትርጉም ረዳት ግሱ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ‹ኤስ› ናት። ጥንቁቅ ተናጋሪ ድምፁንም ትንሽ ይለየዋል፤ ብዙው ፈረንሳይ ግን አይለየውም። ስለዚህ ከቪዲዮ ወይም ከሬዲዮ የምትተረጉሙ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩን ብቻ አትመኑ፤ ዙሪያውን አዳምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፤ እሱ ያለው እኛው አማርኛ ውስጥ ነው። ‹እመጣ ነበር› ስንል ስንት ነገር እንደምንል አስተውለው ያውቃሉ? «ልጅ ሆኜ በየቀኑ እመጣ ነበር» ስል ልማድ ነው፤ ለዚህ ፈረንሳዩ አንፓርፌን ይጠቀማል፣ ዠ ቨኔ። «ጊዜ ቢኖረኝ አሁኑኑ እመጣ ነበር» ስል የዛሬ ምኞት ነው፤ ኮንዲስዮኔል ፕሬዛን ይሆናል፣ ዠ ቪያንድሬ። «ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ እመጣ ነበር» ስል ደግሞ ያለፈና የማይመለስ ነው፤ ዠ ሰሬ ቨኑ። እኛ ሦስቱንም በአንድ ግስ እንገላገላለን። ጊዜውን የሚነግረን ‹ትናንት› ወይም ‹አሁኑኑ› የሚለው ቃል ነው። ፈረንሳዩ ግን ግሱ ላይ መወሰን አለበት። የእኛ ተማሪ ‹ነበር› በሚለው ላይ ተማምኖ ካገኘው ጋር ይለጥፈዋል። መፍትሔው ‹በመጣሁ ነበር› የሚለውን መያዝ ነው። ይህ ትንሽ የመጽሐፍ ሽታ አለው፤ ነገር ግን ወደ ልማድ አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜ ያልሆነውን፣ ያለፈውን ነው የሚይዘው።

የ‹ሲ›ን ነገር ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን ሁሌ ይሳታል። ‹ሲ› ማለት የእኛ ‹ቢ-› ወይም ‹ከ-› ነው። ነገሩ ያለፈ ከሆነ ከእሱ በኋላ ፕሉስከፓርፌ፣ ማለትም ቀድሞ ያለፈውን የሚናገረው ጊዜ፣ ይገባል፤ ኮንዲስዮኔሉ በሌላኛው ወገን ይቀመጣል። ሲ ዣቬ ሱ፣ ዠ ሰሬ ቨኑ፤ ባውቅ ኖሮ በመጣሁ ነበር። ፈረንሳይ ልጆች ትምህርት ቤት ‹ሌ ሲ ኔም ፓ ሌ ሬ› እያሉ ይሸመድዱታል፤ ‹ሲ› እና የኮንዲስዮኔል መጨረሻ የሆነችው ‹ሬ› አይዋደዱም እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች ግን የግድ ሁለቱም ያለፉ መሆን የለባቸውም። «ያኔ ሕክምና ተምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሐኪም ነበርኩ» ለማለት ሁለተኛው ወገን ዠ ሰሬ ሜድሳን ብቻ ነው። ፓሴ አያስፈልገውም፤ ዛሬ ነዋ!

‹ሲ› በሌለበትስ? እዚህ ነው ይህ ጊዜ የሚጣፍጠው። ‹ቱ ኦሬ ፑ መ ፕሬቭኒር› ማለት «ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት» ነው፤ ወቀሳ። ‹ቱ ኦሬ ዱ› ከሆነ «ማድረግ ነበረብህ» ነው፤ ጠንከር ያለ ወቀሳ። ‹ዦሬ ቩሉ አን ራንሴኝማን› ደግሞ ምንም ያለፈ ነገር የለውም። ሰውዬው መስኮቱ ላይ ቆሞ አሁን መረጃ እየጠየቀ ነው። ትህትና ነው። እኛም እኮ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» እንላለን፤ አሁንም እየፈለግን። ይህን ለተማሪ አንዴ ካሳየሁት አይረሳውም።

ከዚያ የጋዜጣው አለ። ፈረንሳዮች ኮንዲስዮኔል ዡርናሊስቲክ ይሉታል። ጸሐፊው ወሬውን ያቀብላል፤ ኃላፊነቱን ግን አይወስድም። ምልክቱን ለማወቅ ብዙ እውቀት አይጠይቅም። ዙሪያውን ፈልጉ። ‹ሲ› ከሌለ፣ ቢሆን ኖሮ የሚያሰኝ ሁኔታ ከሌለ፣ በምትኩ ‹ሰሎን› ወይም ‹ዳፕሬ› የሚል ቃል ቅርብ ካለ፣ ማለትም እከሌ እንዳለው የሚል፣ ያ ‹ኦሬ› የወሬ ‹ኦሬ› ነው። ፓሴም ባይሆን ያው ነው። የሟቾች ቁጥር ‹ሰሬ ደ› ይህን ያህል ካለ፣ ይህን ያህል ነው ተብሏል እንጂ በሆነ ነበር አይደለም።

እንዴት ይተርጎም? ‹ተብሏል›፣ ‹እንደተነገረው›፣ ‹መውጣታቸው ተሰምቷል›። ‹ሳይወጡ አይቀሩም› አልወድም። እሱ የተርጓሚው ግምት ይመስላል፤ ፈረንሳዩ ጋዜጠኛ ደግሞ አልገመተም፣ ሰማሁ ነው ያለው። ሌላኛው አደጋ ‹ኦሬ›ን ጨርሶ መዋጥ ነው። ‹ኢል ኦሬ ቮሌ› የሚለውን «ሰረቀ» ብሎ ማለፍ። ይህ ከ‹ነበር›ም ይብሳል፤ ያልተፈረደበትን ሰው በአንድ ግስ ሌባ ማድረግ ነው። ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ ኮንዲስዮኔል ስለተጠቀሙ ብቻ ከስም ማጥፋት ክስ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. የሐምሌ 29 ቀን 1881 የፕሬስ ሕጋቸው አንቀጽ 29 ስም ማጥፋት በጥርጣሬ መልክ ቢቀርብም እንኳ እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይናገራል። ጥርጣሬውን ጽፈው ያልዳኑበትን እኛ ጥርጣሬውንም ሰርዘን ብናትመው አስቡት።

የምጠይቅዎት ትልቅ ነገር አይደለም። ከፈረንሳይኛ የመጣ ዜና ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው ‹ኦሬ› እና ‹ሰሬ› ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ከዋናው ጋር ያስተያይ። አንድ ገጽ ዜና ላይ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጥቅሱ ውስጥ ማን እንዳለው ከተጻፈ ያ ስም በአማርኛውም ይውጣ፤ ‹ተብሏል› ብቻውን ሲደጋገም አንባቢ ማን አለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ርዕስ ላይ ቦታ ይጠበናል ትሉኝ ይሆናል። ‹ተባለ› ሦስት ፊደል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ መምህር