ሸክም ላይ ኃይል የሚያጣ ፋርሞል ኤም

የተከበራችሁ አባላት፣

ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1952 ያመረተው ባለ 4 ሲሊንደሩ ፋርሞል ኤም ትራክተር፣ ያለ ሸክም በደንብ እየሠራ በጉተታ ውድድር ላይ ግን መንሸራተቻው (ትራክተሩ የሚጎትተው ሸክም) ሲከብድ ኃይል እንደሚያጣ በተደጋጋሚ ስለተጠየቅን ይህን ጽፈናል።

ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት የነዳጁን መንገድ ፈትሹ። በዚህ ትራክተር ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀሉበት ክፍል) የሚወርደው በራሱ ክብደት እንጂ በፓምፕ ስላልሆነ፣ የሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ክዳን መተንፈሻ ከተደፈነ ወይም የማጥለያው ወንፊት ዝገት ከያዘ፣ ሞተሩ ለባዶ ጉዞ የሚበቃውን እያገኘ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ይራባል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የካርቡራተሩን የታች ቡሎን ፈታችሁ ቤንዚኑን በንጹሕ ጣሳ ተቀበሉ፤ መጀመሪያ በደንብ ወርዶ ቆይቶ ወደ ጠብታ ከተለወጠና ክዳኑን ስትከፍቱ እንደገና ከበረታ፣ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ጣሳው ሥር የሚቀረው ቀይ ዱቄት ደግሞ ሰርባቶዮው ከውስጥ መዛጉን ያሳያል። አዲስ ካርቡራተር መግዛት ብዙዎች ቶሎ የሚቸኩሉበት መፍትሔ ቢሆንም፣ በእኛ እምነት የመጨረሻው መሆን ይገባዋል።

ነዳጁ ደህና ከሆነ ወደ እሳቱ፣ ማለትም ነዳጁን ወደሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ክፍል፣ እለፉ። ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል) ያለው ሞተር የፑንቲና (የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ክፍተት 0.5 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የማግኔቶው (ያለ ባትሪ ራሱ እሳት የሚያመነጨው) ከዚህ ያንሳል፤ ሁለቱን አታምታቱ። ኮይሉ (ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው) ሲሞቅ የሚደክም ከሆነም ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር የሚደረግ ፍተሻ አያጋልጠውም። እነዚህ ሁሉ ካልረዱ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን (የእመቃ ግፊት) ለክታችሁ ውጤቱን ላኩልን።