የከተማችን የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ድጋፍ ፈንድ በሕግ ይቋቋም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ዓመት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የገጠመኝ ነገር ነው። ቀደም ሲል ያስተማርኳት፣ በዚያን ጊዜ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ የነበረች ልጅ የትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ቲቸር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር ላብ ይከፈታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከቦርሳዋ ያወጣችው ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእጅ በተጻፈ ኮድ የተሞላ ነበር። እያንዳንዱ መስመር በሕዳጉ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የተሰረዘውና የታረመው በቀይ እስክሪብቶ ተለይቷል። ላፕቶፕ የላትም። የዲፓርትመንቱ ላብራቶሪ ለእነርሱ ክፍል የሚከፈተው በተመደበለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ዶርም ውስጥ ፕሮግራሙን በደብተር ትጽፋለች፣ በዓይኗ እየተከተለች ታርማለች፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቶሎ ቶሎ ትተይበዋለች፤ ስህተት ከወጣበት ደግሞ ቀጣዩን ሳምንት ትጠብቃለች። ስልኳ ላይ የጫነችው አፕ የመጀመሪያ ዓመት ልምምዶችን ችሎላት እንደነበር፣ የዳታቤዝ ትምህርት ሲመጣ ግን ስልኩ እንዳቃተው ነገረችኝ። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያስረከበች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ልጅቷ ይህን ሁሉ የነገረችኝ ምሬት በሌለው ድምፅ ነው፤ እኔ ግን ያንን ደብተር ካየሁ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በምክር ቤቱ በሚጸድቅ ሕግ፣ የራሱ ሒሳብ ያለውና በየዓመቱ በጀት የሚመደብለት፣ አቅም ለሌላቸው የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የሚውል ድጋፍ ፈንድ ያቋቁም።

ስኮላርሺፕ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የትምህርት ክፍያን ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን ተማሪን ከመንገድ የሚያስቀረው በአብዛኛው እርሱ አይደለም፤ በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ላይ ነው። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሚቀሩት ላፕቶፑ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብና የፕሮጀክት ዕቃው ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ በማንም በጀት ውስጥ አይገኙም። መንግሥት ለአንድ ልጅ አምስት ዓመት መምህር፣ ዶርምና ምግብ አቅርቦ ሲያበቃ ልጁ በአንድ መሣሪያ እጥረት የሚገባውን ያህል ሳይማር ቢወጣ፣ የወጣው ወጪ ሁሉ ግማሽ ውጤት ብቻ ይዞ ይቀራል።

የመሣሪያው ዋጋም ከቤተሰብ አቅም እየራቀ ሄዷል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና ቀድሞ ለአዲስ ይጠየቅ በነበረው ገንዘብ ዛሬ መገናኛ አካባቢ ባሉ ሱቆች ደህና ያገለገለ ለማግኘትም ያስቸግራል። የቀን ገቢዋን በእንጀራ ቁጥር የምትቆጥር እናት ይህን ከየት ታመጣለች?

ሌላው የሚያሳስበኝ የምናጣቸው ልጆች ብዛት ሳይሆን ማንነት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ845,000 በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.2 ገደማ መሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በፊት ለፊቱ ያየዋል። በዚህ ወንፊት ያለፈን ልጅ፣ ያውም ከድሃ ቤት ወጥቶ ያለፈን ልጅ፣ ካለፈ በኋላ በመሣሪያ እጦት እንዲዳከም መተው እንደ መምህር ለመቀበል የሚከብደኝ ነገር ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ፕሮግራሚንግን፣ የዳታ ሳይንስን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራንና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርትን በነጻ አቅርቧል፤ ተማሪዎቼ እንዲመዘገቡም እኔው ራሴ ስወተውት ቆይቻለሁ። ከክፍሌ ትምህርቱን ጨርሰው የምስክር ወረቀት ያመጡልኝ ግን ቤታቸው ኮምፒውተር ያለባቸው ናቸው። ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም መሣሪያውና ዳታው ነጻ አይደሉምና፣ እኔ የምለው ፈንድ አገሪቱ ለጀመረችው ሥራ የጎደለውን የሚሞላ ነው።

ከተማችን ይህን ማድረግ እንደምትችል በሌላ ቦታ አሳይታለች። የተራቡ ልጆችን ትምህርት ቤት ውስጥ መመገብ መጀመሪያ የበጎ አድራጊዎች ሥራ ነበር፤ ከተማ አስተዳደሩ ኃላፊነቱን ወስዶ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች መመገብ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ማቅረብ ሲጀምር ግን ጉዳዩ በሰጪው በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ቀረ። በታችኛው ክፍል ያለውን ልጅ አብልታና አልብሳ ያሳደገች ከተማ፣ ያው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሲደርስ እጇን መሰብሰብ የለባትም። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሌላው ማስረጃ ነው፤ ማለዳ ተነስቶ አራት ኪሎ የሚሰለፈውን ወጣት ያየ ሰው፣ ቦታና መሣሪያ ከተመቻቸ የሚማር ልጅ እንደማይጠፋ አይጠራጠርም።

ወጪውን በጣት እንቁጠረው። ለአንድ ተማሪ የሚሆን ላፕቶፕ በ60,000 ብር ቢታሰብና ለመጀመሪያው ዓመት 1,000 ተማሪዎች ቢያዙ 60 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለኢንተርኔትና ለትራንስፖርት በወር 3,000 ብር ለአሥር ወራት ቢጨመርላቸው ሌላ 30 ሚሊዮን፣ በድምሩ 90 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ከተማዋ ለ2017 በጀት ዓመት ያጸደቀችው በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። የምጠይቀው ገንዘብ ከዚያ በጀት ከእያንዳንዱ 1,000 ብር ላይ 40 ሳንቲም አይሞላም።

ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ልጆች በአዳራሽ ላፕቶፕ መሸለም ቀድሞውኑ የተለመደ ነገር ነው፤ ልጆቹ ይገባቸዋል፣ እኔም አብሬያቸው አጨበጭባለሁ። ሽልማቱ የሚደርሰው ግን ጫፍ ላይ ላሉት ጥቂቶች ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ተሰጥቶም ያበቃል። ያቺ ባለ ደብተር ልጅ ከከተማው ቁንጮዎች አንዷ አልነበረችም። በቂ ውጤት አምጥታ የፈለገችውን ትምህርት ያገኘች ጠንካራ ተማሪ ናት፤ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው አብዛኞቹም እንደ እርሷ ያሉ ናቸው። ስለዚህ የፈንዱ መስፈርት የቤተሰብ አቅምና በትምህርት ላይ መቆየት መሆን አለበት። አቅምን ለማጣራት ከዜሮ መነሳት አያስፈልግም፤ በልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦች በየወረዳው ተመዝግበዋል፣ ማንነትን ለማረጋገጥም የፋይዳ ቁጥር አለ። መዝገቡ ያልያዛቸው ችግረኞች መኖራቸውን ስለማውቅ፣ ልጁን አራት ዓመት ያየው ትምህርት ቤት የሚሰጠው ምስክርነትም እንዲቆጠር እጠይቃለሁ።

«የከተማዋ ልጅ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሕጉ ውስጥ በጥንቃቄ መመለስ ይኖርበታል። የዩኒቨርሲቲ ምደባ አገር አቀፍ በመሆኑ ጉለሌ ተወልዶ ያደገ ልጅ አርባ ምንጭ ወይም ጅማ ይመደባል፤ ከቤቱ ስለራቀም ወጪው ይበልጥ ይከብደዋል። ፈንዱ ተማሪውን የተመደበበት ድረስ ሊከተለው ይገባል። ከክልል መጥተው እዚህ የሚማሩትን በሙሉ ለመደገፍ የአንድ ከተማ በጀት ላይችል ይችላል፤ ቢያንስ ግን የከተማዋ ቤተ መጻሕፍትና የኮምፒውተር ማዕከላት ያለ ወረዳ መታወቂያ ጥያቄ ክፍት ይሁኑላቸው።

ከሁሉ በላይ እንዳይረሱ የምማጸነው የፖሊቴክኒክ ተማሪዎችን ነው። ተግባረ ዕድ፣ እንጦጦ፣ ጄኔራል ዊንጌትና ምሥራቅ ከተማዋ ራሷ የምታስተዳድራቸው ኮሌጆች ናቸው፤ ስለ ቴክኖሎጂ ትምህርት በተወራ ቁጥር ግን ስማቸው የሚነሳው በስተመጨረሻ ነው። እዚያ የሚማር ልጅ ዶርም የለውም፣ የተማሪዎች ምግብም አይቀርብለትም፤ ከሰፈሩ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይሮ ይደርሳል። በኔትወርክ ሥራ እጁ የተባረከ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደረጃ 4 ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው አቋርጦ አሁን በሞባይል ጥገና ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ለምን እንዳቋረጠ ስጠይቀው በመጀመሪያ የጠቀሰልኝ የታክሲውን ሒሳብ ነው።

አፈጻጸሙን በተመለከተ ካየሁት ልናገር። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት ሃያ አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ፤ የርክክብ ኮሚቴው ሳይሟላ፣ ከዚያም የኤሌክትሪክ መስመሩ እስኪዘረጋ እየተባለ ከዓመት በላይ በካርቶን እንደታሸጉ ንብረት ክፍል ተቀመጡ። እኔ በዚያ ዓመት የኮምፒውተርን ክፍሎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተማርኩ። ከዚህ የተነሳ አንድ ጊዜ በገፍ ተገዝቶ መጋዘን ከሚገባ ዕቃ ይልቅ፣ ተማሪው ለትምህርቱ የሚስማማውን መርጦ የሚወስድበት፣ ፈንዱም ክፍያውን በቀጥታ ለተመዘገበ ሻጭ የሚፈጽምበት አሠራር የተሻለ ይመስለኛል። ተማሪው እስኪመረቅ ላፕቶፑን በውሰት ይያዝ፤ ሲመረቅ የራሱ ይሁን። ሲበላሽም በፖሊቴክኒኮቹ የጥገና ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ተቆጣጣሪነት ሊጠግኑት ይችላሉ፤ ለእነርሱም የተግባር ልምምድ ይሆናቸዋል።

ፈንዱን የሚመራው ቦርድ ከምክር ቤቱ፣ ከትምህርት ቢሮ፣ ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ መምህራን፣ ከወላጆችና ከራሳቸው ከተማሪዎቹ የተውጣጣ ቢሆን፣ የተረጂዎቹ ብዛት በየክፍለ ከተማውና በየጾታው፣ የወጣውም ገንዘብ በየዓመቱ ኦዲት ተደርጎ በይፋ ቢወጣ፣ ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቶችም በልበ ሙሉነት የሚያዋጡበት ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጡ ጥሪ ቀርቦ ትረስት ፈንድ መቋቋሙን እናስታውሳለን። ገንዘቡ የት እንደሚውል በግልጽ እስከታየ ድረስ የሚሰጥ ወገን አለን። መሠረቱ ግን የከተማዋ በጀት መሆን አለበት፤ መዋጮ አንድ ዓመት ሞልቶ በሌላው ሊጎድል ይችላልና።

«ለምን ለቴክኖሎጂ ብቻ?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የሕክምናው ተማሪ የሚለማመድበትን ሆስፒታል፣ የሲቪል ምህንድስናው ተማሪ የሚሞክርበትን ላብራቶሪ ተቋሙ ያቀርብለታል። የሶፍትዌር ተማሪ ግን ሌሊትም ቅዳሜም ከእጁ የማይለይ የራሱ መሣሪያ ከሌለው ሙያውን ሊለማመድ አይችልም። በዚህ እንጀምር እላለሁ፤ ከተሳካ ለሌሎቹ የትምህርት መስኮች ለማስፋት የሚከለክል የለም።

«ተምረው ወደ ውጭ ይሄዳሉ» የሚለውን ስጋትም እረዳለሁ። ልጆቹን በወጪ መጋራት ዕዳ ላይ ሌላ ብድር ከመጫን ግን፣ ድጋፉን የተቀበለ ሁሉ በየዓመቱ የተወሰኑ ቅዳሜዎችን በተማረበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ታናናሾቹን እንዲያስጠና ግዴታ ቢገባ ይሻላል። ይህ የሚቻል መሆኑን አይቻለሁ። ርእሰ መምህራችን ፈቅደው ላቡን ቅዳሜ ጠዋት መክፈት ከጀመርን ወዲህ ያቺ ልጅ የራሷን ሥራ ስትጨርስ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሴት ተማሪዎቼ እኔን ከሚጠይቁኝ ይልቅ እርሷን ደፍረው ይጠይቃሉ።

የከተማው ምክር ቤት አባላት የቀጣዩ ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት ጉዳዩን አጀንዳ አድርገው እንዲይዙት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጅቷ አሁን አራተኛ ዓመት ደርሳለች፤ ደብተሩም ሁለተኛው ተጀምሯል። ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው፤ እርሱም የሚፈልገው ሶፍትዌር ነው። ሕጉ ከምደባው በፊት ቢደርስለት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ