ሲሚንቶ ሲጎድል ኃላፊ፣ ማስረጃ ስጠይቅ ማንም

ለአንድ የጅማ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎን አልጻፍኩም። የመሥሪያ ቤቱንም ስም ትቼዋለሁ። እርስዎ ያውቁታል፤ በረንዳዎ ላይ ከእኔ ጋር ተራ የጠበቁትም ያውቁታል። ይበቃል። ሦስት ማመልከቻ በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቻለሁ። ሦስቱም ቁጥር አላቸው። መልስ ግን የላቸውም። አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጻፍኩት።

የምጠይቀው ብር አይደለም። ዕድገት አይደለም። የቤት መሥሪያ ቦታም አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከጥር 2013 እስከ ኅዳር 2015 እናንተ ዘንድ ምን እንደሠራሁ የሚናገር፣ የቅርብ አለቃዬ የፈረመበት ወረቀት። የቅርብ አለቃዬ ደግሞ እርስዎ ነበሩ።

ለምን እንደፈለግሁት ሦስት ጊዜ ነግሬዎታለሁ፤ ለሌላው አንባቢ ስል ልድገመው። ፒኤምፒ የሚባል የፕሮጀክት አስተዳደር የሙያ ማረጋገጫ አለ። የሚሰጠው አሜሪካ የሚገኘው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ነው። ዲግሪ ላለው ሰው ፕሮጀክት የመራበት 36 ወርና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ነው ለፈተና የሚያስቀምጡት። ሥልጠናውን ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖርና ኔትወርክ ሲፈቅድ፣ እንደምንም ጨረስኩ። ማመልከቻውን ሞልቼ ላክሁ። ከዚያ ዕጣ ወጣልኝ፦ ኦዲት። ከአመልካቾች መካከል ጥቂቱን እየመረጡ "ያላችሁትን በማስረጃ አሳዩ" ይላሉ። የዲግሪ ቅጂ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ደግሞ ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ፊርማ። ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት 90 ቀን ነው።

90 ቀን ሲሉኝ ስቄ ነበር። ለአንድ ፊርማ ሦስት ወር! ፈረንጆቹ እንዴት ታጋሽ ናቸው ብዬ። እርስዎን ረስቼ ነው።

ዛሬ 67ኛው ቀን ነው።

ከ36ቱ ወር 14ቱን የሠራሁት ከአንድ የግል ተቋራጭ ጋር ነው። ሰውየው ደመወዜን ሁለት ወር ያዘገየብኝ ሰው ነው፤ ሳንኳረፍ አልተለያየንም። ግን ደውዬ ስነግረው "ላኪው" አለኝ። በሁለተኛው ቀን ፈርሞ መለሰልኝ። የቀረው 22 ወር እርስዎ ጋ ነው ያለው።

መጀመሪያ የመጣሁት ሰኞ ከጠዋቱ 2:30 ላይ ነበር። ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ማክሰኞም ስብሰባ። ሐሙስ "አሁን ለቡና ወጡ" አሉኝ። ቡና ላይ አልፈርድም፤ የጅማ ሰው ነኝ። ግን የስንት ሰዓት ቡና ነው? ሦስቱም ስኒ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ በረካውም አለቀ፤ እርስዎ አልመጡም። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዜጎች ቻርተር አነበብኩ። "የሥራ ልምድ ማስረጃ መስጠት፦ 30 ደቂቃ" ይላል። ብዙ ጊዜ ስለነበረኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።

በመጨረሻ ሲያገኙኝ "ራስሽ ጻፊውና አምጪ፣ እኔ እፈርማለሁ" አሉኝ። ደስ አለኝ። ሌሊቱን ጻፍኩት። ያልሠራሁትን አንድም መስመር አልጨመርኩበትም። አምጥቼ ስሰጥዎት መነጽርዎን ዝቅ አድርገው አዩኝና "ይሄን ማን ጻፈው?" አሉኝ። እርስዎ ባሉኝ መሠረት እኔ ነኝ አልኩ። "ራስሽን ነዋ ያሞገስሽው" አሉና ወደ ሰው ኃይል መሩት። ሰው ኃይል ደግሞ ሁላችንም የምናውቃትን ወረቀት አወጣልኝ። "ለሚመለከተው ሁሉ" ብላ ትጀምራለች። በጁኒየር ሲቪል መሐንዲስነት የሥራ መደብ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ይህን ያህል ብር፣ የሥራ ግብር ተቀንሶ፣ መልካም የሥራ ዘመን። አለቀ። ሁለት ዓመት ከጭቃ ጋር የታገልኩበት ሥራ አንድም ቃል የለውም።

ተመልሼ ስመጣ ያሉኝን እዚሁ ልጻፈው፤ አልረሳውምና። "የፕሮጀክት ኃላፊ የሚል መደብ በመዋቅራችን ላይ የለም። የሌለ ነገር ልንጽፍልሽ አንችልም።"

እሺ። ወደ ነገሬ ልምጣ።

ጥር 2013 ላይ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ቦታው ክፍት ሆነ። እርስዎ ቢሮ ጠርተውኝ "ሰው እስክንቀጥር አንቺ ያዢው" አሉኝ። የውክልና ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ቅጂው ግላዊ ማህደሬ ውስጥ አለ፣ ማህደሩ ደግሞ እናንተ ሳጥን ውስጥ። ሰው አልተቀጠረም። የጎርፍ ማስወገጃ ቦዩንና የኮብልስቶኑን መንገድ የሥራ ዕቅድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የማኅበራቱን ልጆች ያሰማራሁት፣ የክፍያ ሰነድ ያዘጋጀሁት፣ ነዋሪው "ቦዩ በራችንን ዘጋው" ሲል የሰማሁትና የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ሁሉ የውክልና አበል አንድ ብር አልተከፈለኝም። አልጠየቅሁም። እሱ የኔ ጥፋት ነው።

2014 ላይ ከመጋዘን 18 ከረጢት ሲሚንቶ ጎደለ ተባለ። ጠዋት ወሬው ተሰማ፣ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። እንዲህ ፈጣን አገልግሎት ከእናንተ መሥሪያ ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ደብዳቤው "እርስዎ የፕሮጀክቱ ኃላፊ እንደመሆንዎ መጠን" ብሎ ይጀምራል። በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማብራሪያ ካልሰጠሁ በሕግ እንደምጠየቅ ይገልጻል። ፊርማው የእርስዎ ነው። ማኅተሙ ጥርት ብሎ አርፏል። (ቢሮ ውስጥ "አንቺ" ነኝ፤ ለክስ ሲሆን "እርስዎ" ሆንኩ።)

ሲሚንቶው በአራተኛው ቀን ተገኘ። አልተሰረቀም። ንብረት ክፍሉ ለሌላ ሳይት አውጥቶት የንብረት ወጪ ቅጹን፣ ሞዴል 22ቱን፣ ሳይመዘግበው በመሳቢያ ረስቶት ነበር። ይቅርታ ያለኝ የለም። ክሱን የሚያነሳ ደብዳቤም አልተጻፈም። ጊዜ አጥታችሁ ይሆናል።

እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ በመዋቅራችሁ የሌለ መደብ ሲሚንቶ ሲጎድል ከየት መጣ?

ሕጉን እኔ ላስተምርዎት አልችልም፤ ከእኔ በፊት ያውቁታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12፣ ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጠው የግሉን አሠሪ ያስገድዳል። እናንተ መንግሥት ናችሁ፣ ያ አዋጅ አይመለከታችሁም፤ እሱንም አውቃለሁ። ግን አንድ ተቋራጭ ለሠራተኛው ያለበትን ግዴታ ያህል መንግሥት ከሌለበት ነገሩ ተገልብጧል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 አለው፦ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ኃላፊም ይጠየቃል ይላል። ከ12 ቁጥር ጋር ምን እንዳጣላችሁ እንጃ።

ባለፈው ደግሞ ጭራሽ "አሜሪካ ልትሄጂ ነው አይደል?" አሉኝ። ፎርሙ ላይ የአሜሪካ አድራሻ ስላዩ ነው። አልሄድም። ጅማ ነው የምኖረው፣ ቤቴ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም፣ ጠዋት ሥራ ስሄድ የማልፈው በዚያው እኔ ባሠራሁት ኮብልስቶን ላይ ነው። ብሄድስ? የሠራሁት ሥራ ስሄድ ይጠፋል?

መፍትሔ ካሉኝ አጭር ነው። ማህደሬን ያስወጡ። የውክልና ደብዳቤውን ያንብቡ። ያነበቡትን ይጻፉ። በአፋን ኦሮሞ ቢሆን፣ በአማርኛ ቢሆን፣ ግድ የለኝም፤ አስተርጉሜ እልከዋለሁ።

ቀኑ እያለቀ ስለሆነ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አልጠበቅሁም። ቅዳሜ ዕለት ያንን የሲሚንቶ ደብዳቤ ይዤ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለ ትርጉም ቤት ሄድኩ። "የፕሮጀክቱ ኃላፊ" የሚል፣ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ በእጄ ያለ ብቸኛ ወረቀት እሱ ነው። ተርጓሚው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ "እህቴ፣ ይሄ እኮ ክስ ነው" አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አሳምረህ ተርጉምልኝ።

ከቀረኝ አክብሮት ጋር፣

የቀድሞ ጁኒየር ሲቪል መሐንዲስ
ጅማ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (አራተኛ ቁጥር እንዲሰጠው)