ባለ 40 ላንድክሩዘር ለሆናችሁ ደንበኞቻችን፦ መሪው ፓወር ከሆነ በኋላ ስለሚቀረው ስራ

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ።

ሰሞኑን ከሚደወልልን ግማሹ አንድ አይነት ነው፣ መሪው እንደ ላባ ቀለለ እግዜር ይስጣችሁ፣ ግን አስፋልት ላይ ከ80 ሳልፍ መኪናው ይዋልላል፣ ከታጠፍኩም በኋላ መሪው ራሱ አልመለስ ይላል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት ብለን ነው ይሄን የጻፍነው፣ ኤፍጄ 40ም ቢጄ 40ም ይኑራችሁ ከላንድክሩዘር 60 የወጣ የፓወር መሪ ቦክስ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማው ሚያስተላልፈው የጥርስ ሳጥን) ላስገጠማችሁ በሙሉ ነው።

ነገሩ የመኪናው ብልሽት አይደለም። ፋብሪካው ያን ጊዜ ሾፌሩ በጉልበቱ ነው ሚያዞረው ብሎ ስለሰራው ካስተሩን 1 ዲግሪ ብቻ ነው የተወለት። ካስተር ማለት ጎማው ዙሮ ሚታጠፍበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ጋደም ያለበት ልክ ነው፣ ሲጨምር ጎማው ራሱ ቀጥ ማለት ይወዳል ግን መሪው ይከብዳል፣ ለዛ ነው ያሳነሱት። አሁን ክብደቱን ፓምፑ ተሸከመው፣ በዛ ላይ አዲሱ ቦክስ ውስጥ ያለው ጎሚኒና ዘይት የራሱ ያዝ ያዝ ማድረግ ስላለው 1 ዲግሪዋ መሪውን ልትመልሰው አትችልም። ስለዚህ አላይመንት ስታሰሩ በድሮው መጽሐፍ ቁጥር ይሁንልኝ አትበሉ፣ እኛ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ነው ምናደርገው፣ የፊት ጎማዎቹን ደሞ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ 3 ሚሊሜትር ገደማ እናጠብባቸዋለን።

እንዴት ነው ሚሰራው ላላችሁ፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መሀል እንደ ሽብልቅ የተሰራ ብረት ይገባል፣ ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት። አክስሉ ትንሽ ዞር ስለሚል የፊት ዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሀል ያለው የጥርስ ሳጥን) አፍንጫ ወደ ታች ያያል፣ እዚህ ጋ ነው ጥንቃቄው፣ ምክንያቱም ወደ ፊት ጎማ ጉልበት ሚያደርሰው ዘንግ ክሮቼራው (መተጣጠፊያ መገጣጠሚያው) ላይ ማዕዘኑ ይበዛና በአራት ጎማ ስትነዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። 6 እና 7 ዲግሪ አድርጉልኝ ሚሉን አሉ፣ አናደርግም፣ ተቀይማችሁ ብትሄዱም አናደርግም።

ሁለተኛው ነገር እኛን በጣም ሚያናድደን ነው። አንዳንድ ቦታ አላይመንት ከሰሩ በኋላ መሪው ተጣሞ ሲቀር መሪውን ራሱን ነቅለው ቀጥ አድርገው መልሰው ይሰኩታል፣ ላይን ያምራል። የፓወር ቦክስ ግን ጥርሱ መሀል ላይ ሲሆን ነው ጠበቅ ሚለው፣ ወደ ግራና ቀኝ ሲሄድ ላላ እንዲል ተደርጎ ነው የተሰራው፣ ስለዚህ ጎማው ቀጥ ብሎ ቦክሱ ከመሀል ከወጣ መሪው ላይ ጨዋታ ይኖራል፣ ሰው ደሞ ጨዋታውን ለማጥፋት ቦክሱ ላይ ያለችውን ቡሎን ያጠብቃል፣ ከዛ በኋላ ቦክሱ በየመዞሩ ይይዛል፣ ጥርሱ ይበላል፣ በመጨረሻም ሌላ ቦክስ ፍለጋ ነው። ትክክለኛው መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሮ ቆጥሮ ግማሹ ላይ ማቆም ነው፣ ጎማውን ከዛ ጋር ሚያገናኘው ከቦክሱ ወደ ጎማው ሚሄደው ዘንግ ነው፣ እሱን እያረዘምን እያሳጠርን። ያቺን ቡሎን እባካችሁ ማንም አይንካት።

ዘይቱ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው (ኤቲኤፍ፣ ዴክስሮን ሚባለው)፣ የፍሬን ዘይት በጭራሽ እንዳትጨምሩበት ጎሚኒውን ይጨርሰዋል። አረፋ ካያችሁ ወይ ሲዞር ካጉረመረመ አየር ገብቷል ማለት ነው፣ የፊቱን በክሪክ አንስታችሁ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ቀስ እያላችሁ ከጥግ ጥግ ደጋግማችሁ አመላልሱት፣ ዘይቱ ሲወርድ እየጨመራችሁ። መርካቶ ውስጥ ፓርክ ስታደርጉ ደሞ መሪውን ጥግ ላይ ይዛችሁ አትቆዩ፣ ፓምፑ ሚጮኸው ያን ጊዜ ነው፣ ዘይቱም በጣም ይግላል። ጥግ ላይ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ ሚዞርበት ፍጥነት) ወርዶ ሞተሩ ሊጠፋ ካለ ንገሩን፣ ቀላል ነው ሚስተካከለው።

ያረጀ ባሌስትራ ወይ የጎማው መዞሪያ ላይ ያለቀ ኩሽኔታ ካለ ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፣ ቁጥሩ ዛሬ ተስተካክሎ ነገ ይሄዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እናያለን፣ መቀየር ካለበትም ዋጋውን አስቀድመን እንነግራችኋለን።

እኛ ጋ ያስገጠማችሁ የመጀመሪያውን ዳግም ልኬት አናስከፍልም፣ 1000 ኪሎሜትር አካባቢ ስትነዱ አምጡት፣ አዲስ የታሰረ ቡሎን ትንሽ ስለሚረግብ እሱንም እናጠብቃለን። ስትመጡ አራቱም ጎማ እኩል ንፋስ ይኑረው፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሁሌ ምትጭኑት ነገር ካለ አታውርዱት፣ እንዳለ ነው መለካት ያለበት። ጠዋት ብትመጡ ይሻላል፣ ከሰአት ወረፋው ይበዛል።

ከጋራዡ