ቅርጫት ኳስን ከሰልፉ አውጡልን

ለሁለተኛ ደረጃ የሰውነት ማጎልመሻ መርሐ ትምህርት አዘጋጅ ክፍል

ጉዳዩ፦ የቅርጫት ኳስ ምዕራፍ የሚሰጥበትን ቅደም ተከተልና የሚፈተንበትን መንገድ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የሁለተኛ ደረጃ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ኳስ አነሰን፣ ሜዳው ፈረሰ ለማለት አይደለም። እርሱን ሌሎች ጽፈዋል፤ ወደፊትም ይጽፋሉ። የእኔ ጥያቄ ከበጀት ጋር አይገናኝም። የቅርጫት ኳስ ምዕራፍ የተደራጀበትን ቅደም ተከተል ገልብጡልን፣ ፈተናውንም ከእርሱ ጋር አስተካክሉልን ነው የምለው።

የተለመደውን አካሄድ በቃላችን እናውቀዋለን። ኳስ አያያዝና አቋቋም ይቀድማል። ከዚያ የደረት ቅብብል፣ የነጥሮ ቅብብል፣ ከራስ በላይ ቅብብል ይከተላሉ። ቀጥሎ በቀኝ እጅ ማንጠር፣ በግራ እጅ ማንጠር፣ ሌይአፕ (ወደ ቅርጫቱ ሮጦ ከቅርብ መጣል)፣ የቅጣት ውርወራ። ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል «የማጥቃትና የመከላከል ስልት» የሚል ርዕስ ይመጣል፤ ከሥሩም ክብና ቀስት የበዛበት ሥዕል። ጨዋታው ራሱ ጊዜ ከተረፈ ተብሎ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ጊዜ ደግሞ አይተርፍም፤ የፈተና ሳምንት ይቀድመዋል። ተማሪው ምዕራፉን ጨርሶ ሲወጣ ስለ ቅርጫት ኳስ ብዙ ተነግሮታል፣ ቅርጫት ኳስ ግን አልተጫወተም።

እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ አብረን እናስላ። 48 ተማሪዎች፣ 4 ኳሶችና 2 ቅርጫቶች አሉ እንበል። መምህሩ ሌይአፕ ለማለማመድ 4 ሰልፍ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ሰልፍ 12 ተማሪ ይቆማል። አንዱ አንጥሮ፣ ወርውሮ፣ ኳሱን ለቀጣዩ እስኪያደርስ 10 ሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ ተራው ተመልሶ እስኪደርሰው 2 ደቂቃ ይሄዳል። በ20 ደቂቃ ልምምድ 10 ጊዜ ይደርሰዋል፤ ኳስ የነካበት ጊዜ ቢደመር 100 ሰከንድ ነው። የቀረውን 18 ደቂቃ ከፊቱ የቆመውን ልጅ ጀርባ ሲያይ ያሳልፈዋል።

አሁን በዚያው 20 ደቂቃና በእነዚያው 4 ኳሶች ሦስት ለሦስት እናጫውት። 24 ተማሪዎች በአራት ትንንሽ ሜዳዎች ይጫወታሉ፤ ሁለቱ ሜዳዎች ቅርጫት አላቸው፣ በሁለቱ ደግሞ ከመስመር ባሻገር ኳስ መቀበል እንደ ነጥብ ይቆጠራል። የቀሩት 24 ይዳኛሉ፣ ይመዘግባሉ። በየ5 ደቂቃው ይቀያየራሉ። እያንዳንዱ ተማሪ 10 ደቂቃ ይጫወታል፤ ስድስት ሰው አንድ ኳስ ስለሚጋራ ኳስ በእጁ የምትቆየው በአማካይ ቢበዛ ያንኑ 100 ሰከንድ ነው። እዚህ ላይ ምን ተጠቀምን የሚል ይኖራል። የተጠቀምነው በቀሩት 500 ሰከንዶች ነው። ልጁ በእነርሱ ውስጥ ተከላካዩን አምልጦ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፣ ኳስ ይጠራል፣ ተጋጣሚውን ይከታተላል፣ ጓደኛው ሲታለፍ ይደርስለታል። በሙሉ ሜዳ ከሚጫወቱት አሥር ሰዎች መካከል በማንኛውም ቅጽበት ዘጠኙ ኳስ የላቸውም። የእነዚያ የዘጠኙ ሥራ ግን በተለመደው የትምህርት ዕቅድ ውስጥ ምን ያህል ቦታ አለው? ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚማረው ልጅ ይህን ሥራ ከየት ያመጣዋል?

የጊዜው ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የባሰው ነገር ሰልፍ ላይ የሚለመደው ቅብብል በጨዋታ ውስጥ ያለው ቅብብል አለመሆኑ ነው። ተከላካይ በሌለበት፣ ባልደረባው ቆሞ በሚጠብቅበት፣ ኳሱ ለማን እንደሚሄድ አስቀድሞ በታወቀበት ሁኔታ የሚቀረው የእጅ እንቅስቃሴው ብቻ ነው። በጨዋታ ውስጥ አቀባዩ ለማን፣ መቼ፣ በተከላካዩ ክንድ ላይ ወይስ ሥር የሚለውን በአንድ ጊዜ መወሰን አለበት። ለዚህ ነው በደረት ቅብብል ሙሉ ነጥብ ያገኙ አሥር ተማሪዎች ጨዋታ ሲጀመር ሁሉም ወደ ኳሱ ሮጠው አንድ ላይ የሚከመሩት። ወላጅ ቢያየው «መምህሩ ምን አስተማራቸው?» ይላል። እውነቱን ነው።

የዚህን ጨዋታ አመጣጥ ብናስታውስ ጉዳዩ ይበልጥ ይገርማል። ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው ለሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለው መምህር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በክረምቱ የቤት ውስጥ ጂምናስቲክ የተሰላቹ 18 ተማሪዎች ነበሩት። ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ አሰቀለ፣ 13 ሕጎች ጽፎ ለጠፈ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ አጫወታቸው። ለሳምንታት ቅብብል አስለምዶ አልነበረም ያስጀመራቸው። ከዚያም በላይ፣ በእነዚያ ሕጎች መሠረት ኳስ የያዘ ሰው መሮጥ አይችልም፤ ከተቀበለበት ቦታ መወርወር ነበረበት። ማንጠር በሕጎቹ ውስጥ አልነበረም። ተጫዋቾች ተከበው መውጫ ሲያጡ ያገኙት መላ ነው፤ ሕጉ የተቀበለው ቆይቶ ነው። እኛ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መሬት እያዩ በማንጠር እናስጨርሳቸዋለን።

የማቀርበው ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ አገር ላፍብራ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ በንከርና ሮድ ቶርፕ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጨዋታ ማስተማሪያ ሞዴል አሳትመው ነበር። መነሻቸው እኛ የምናማርርበት ነገር ነው፤ ትምህርቱ እንቅስቃሴን እያስለመደ ማሰብን አያስተምርም፣ ስለዚህም ብዙው ተማሪ ያልተሳካለት ሆኖ ይወጣል። መልሳቸው ደግሞ ለልጆቹ ዐቅም የተቃለለ ጨዋታ ይቅደም፣ ተማሪው ምን ማድረግና መቼ ማድረግ እንዳለበት ይረዳ፣ ክህሎቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ የሚል ነው። በእነርሱ ሞዴል መምህሩ የጨዋታውን ሕግ ሆን ብሎ በማጋነን አንዱን ስልት ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል። ለመምህር ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አላውቅም።

በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ማንጠር የተከለከለበት ሦስት ለሦስት ይሁን፤ ኔይስሚዝ እንዳደረገው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትርምስ ይሆናል። ሁሉም ኳሱ ዘንድ ይሰበሰባሉ፣ ኳስ የያዘው ልጅ የሚያቀብለው ያጣል። መምህሩ ያኔ ጨዋታውን አስቁሞ «ለምን ማቀበል አቃተህ?» ብሎ ይጠይቅ። «ሁሉም አጠገቤ ናቸው» የሚለው መልስ ከልጁ አፍ ሲወጣ ስለ ሜዳ አጠቃቀም የሚሰጠው ገለጻ ግማሹ አልቋል። ከሁለት ዙር በኋላ ሰፋ ብለው መቆም ይጀምራሉ። አቀብሎ መቆምን ደግሞ ሕግ ይፈውሰዋል፤ ያቀበለ ሰው ወዲያውኑ ወደ ቅርጫቱ ካልሮጠ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጥ። አቀብሎ ሮጦ መልሶ መቀበል፣ ይህ የቅርጫት ኳስ አንጋፋ ስልት፣ በዚህ ሕግ ብቻ ብቅ ይላል። በአንድ እግር ተተክሎ መዞርም እንዲሁ ነው። ማንጠር የተከለከለበትና ተከላካይ ፊቱ የቆመበት ልጅ መዞርን ራሱ ይፈልገዋል። በዚያች ሰዓት የትኛው እግር መሬት እንደማይለቅ ማሳየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ማንጠር ከዚህ በኋላ ይመለስ፤ ነገር ግን ከምክንያት ጋር። ወደ ቅርጫት ለመግባት፣ ከክበባ ለመውጣት፣ ወይም ለቅብብል የተሻለ ማዕዘን ለማግኘት። ከእነዚህ ለአንዱም ካልሆነ ኳስ አይነጠርም። ቀጥሎ ሁለት ለአንድ ይምጣ፤ ኳስ የያዘው አጥቂ ተከላካዩ እስኪመጣበት ድረስ ወደ ቅርጫቱ ይነዳል፣ ከመጣበት ያቀብላል፣ ካልመጣበት ራሱ ይጨርሳል። አንድን ተከላካይ አንብቦ መወሰን የቻለ ልጅ ፈጣን መልሶ ማጥቃት ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በመከላከል በኩል የመጀመሪያው ነገር አንድ ነው፦ በተጋጣሚህና በቅርጫቱ መካከል ሁን። ኳሱ ራቅ ሲል ደግሞ ተጋጣሚህንም ኳሱንም የምታይበት ቦታ ቁም። በማጥቃት በኩል ለባልደረባ ከለላ መቆምን፣ ማለትም የባልደረባን ተከላካይ በሰውነት መንገድ መዝጋትን፣ ለከፍተኛ ክፍሎች አቆየዋለሁ። አንድ ነገር ግን በመምህሩ መምሪያ ላይ በግልጽ ቢጻፍልኝ ደስ ይለኛል፤ የዞን መከላከል፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጋጣሚውን ሳይሆን የተመደበለትን ቦታ የሚጠብቅበት ስልት፣ በትምህርት ክፍለ ጊዜ ይቅር። ከርቀት መጣል የማይችሉ ልጆችን በዞን መግጠም ረጃጅሞቹን ቅርጫት ሥር ተክሎ ጨዋታውን መግደል ነው። ሰው በሰው ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ ኃላፊነት አለበት፣ የሚደበቅበትም ጥግ የለውም።

ተቃውሞውን እጠብቀዋለሁ። «መሠረታዊ ክህሎት የሌለው ልጅ እንዴት ይጫወታል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ግማሹን እቀበላቸዋለሁ። የሌይአፕ የእግር አወጣጥና የውርወራ አቋም በድግግሞሽ እንጂ በጨዋታ ብቻ አይገኙም። ድግግሞሹ ግን ተማሪው ብቻውን ቅርጫት ሥር ደርሶ ከሳተ በኋላ ይምጣ፤ ያኔ ሰልፉን እንኳ አይጠላውም። መዋኘትን ደረቅ መሬት ላይ እጅ በማወናጨፍ አስተምረን ወደ ውኃ የምናስገባ አይመስለኝም። በዚህ አጋጣሚ ስለ ውርወራ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከወገባቸው አንስተው በሁለት እጅ የሚወረውሩ ልጆች አብዛኞቹ ሰነፍ አይደሉም። 3.05 ሜትር ከፍታ ላለው ቀለበት የአዋቂ ወንዶችን ቁጥር 7 ኳስ ስለሰጠናቸው ኃይል ፍለጋ ነው። ለሴቶችና ለትንንሾቹ ቁጥር 6 መፈቀዱ በመምሪያው ቢሰፍር፣ ከቀለበቱም ጠጋ ብለው እንዲጀምሩ ቢደረግ፣ ብዙው ጥፋት ራሱ ይታረማል።

የጽሑፍ ፈተናውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሜዳው 28 በ15 ሜትር መሆኑን መሸምደድ ምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1950 በአሜሪካው ሊግ ፎርት ዌይን የተባለው ቡድን ሚኒያፖሊስ የተባለውን 19 ለ 18 ማሸነፉን፣ ኳስ ይዞ መዋል የተመልካቹን ትዕግሥት ማሟጠጡን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ሊጉ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫት እንዲወረውር የሚያስገድድ ገደብ ማምጣቱን ለተማሪው ንገሩትና «ይህ ሕግ ባይኖር መሪው ቡድን ምን ያደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ሕግና ስልት እንዴት እንደሚገፋፉ በአንድ ጥያቄ ይገባዋል።

የተግባር ፈተናው ግን ዋናው ቋጠሮ ነው። ምዕራፉን ብትገለብጡትና ፈተናው ከአሥር ውርወራ ስንቱ ገባ የሚል ሆኖ ቢቀር፣ መምህሩ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። አይፈረድበትም፤ ተማሪም ወላጅም የሚጠይቀው ማርክ ነው። ስለዚህ ተማሪው በሦስት ለሦስት ጨዋታ ውስጥ ይመዘን። ኳስ ሲይዝ ተገቢውን ወሰነ ወይ? የወሰነውን በወጉ ፈጸመው ወይ? ኳስ ሳይዝ ለባልደረባው ተመቻቸለት ወይ? ኦስሊን፣ ሚቼልና ግሪፊን እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ ዓላማ ያቀረቡት የጨዋታ ብቃት መመዘኛ አለ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ዓምድ መርጦ በአንድ ገጽ ማዘጋጀት ይቻላል። ከሜዳ ውጪ የሚጠባበቁት ተማሪዎችም በዚያው ቅጽ ጓደኞቻቸውን ይመዝግቡ፤ ጥሩ ውሳኔን ከመጥፎው የሚለይ ዐይን የሚያወጡት በዚህ ነው። በዚህ መመዘኛ ቅርጫት የሳተ ልጅ በጎ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ ቁመቱን ተመክቶ ማንንም ሳያይ የሚወረውር ደግሞ ሊቀነስበት ይችላል። ቅሬታ ይነሣል፤ ይነሣ። መምህሩ ግን የሚያስረዳበት የተጻፈ መስፈርት በእጁ ይኖረዋል።

መጽሐፍ መከለስ ዓመታት እንደሚወስድ አውቃለሁ። እስከዚያ አንድ ገጽ ሰርኩላር ይበቃናል። የቅርጫት ኳስን ምዕራፍ በተቃለለ ጨዋታ የሚጀምር መምህር ከመርሐ ትምህርቱ እንዳልወጣ፣ ከተግባር ማርኩ ግማሹን በጨዋታ ውስጥ በሚታይ ብቃት መስጠት እንደሚችል የሚገልጽ። አሁን ሱፐርቫይዘር መጥቶ «ዕቅድህ የደረት ቅብብል ይላል፣ ልጆቹ ግን ይጫወታሉ» ሲል መምህሩ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ሰርኩላሩን ከመጪው ሴሚስተር በፊት ብታወጡት ምዕራፉ ሲደርስ እንጠቀምበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር