ከአባታችን ሽኝት በኋላ የቀረበ የምስጋና መልእክት

አባታችንን በጎዛምን ወረዳ፣ በተወለዱበት የማርያም አጥቢያ፣ ከወላጆቻቸው አጠገብ ካሳረፍናቸው ወዲህ ቤታችን ከሰው ተለይቶ አያውቅም። የሩቁንም የቅርቡንም እየዞርን እጅ እንዳንነሣ እናታችን ገና አልጠኑም፤ መንገዱም እንደ ልብ አያስኬድም። ስለዚህ የመጀመሪያ ልጃቸው እኔ፣ በእናቴ፣ በእኅቶቼና በወንድሞቼ ስም ይህን እጽፋለሁ።

ምስጋናችን ከሕመማቸው ይጀምራል። ሆዳቸውን ሲያማቸው ውሎ ሌሊት ላይ ባሰባቸው። የመንደሩ ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዚያ ጭቃ ትከሻ እየተቀያየሩ አስፋልት ድረስ አወጧቸው። መኪናውን አስነሥቶ የደረሰልን ሰው ስሜን እንዳታነሡ ብሎናልና አናነሣውም፤ ፈጣሪ ያውቀዋል። የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሐኪሞች አንጀታቸው መታጠፉን እንዳረጋገጡ ሳይነጋ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧቸው። ደም ያስፈልጋል ሲባል የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ልጆችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰልፈው ሰጡ። ከሰጡት ውስጥ አባታችንን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ብዙ ነበር። «አባባ» እያላችሁ ሌሊቱን ስትመላለሱ የነበራችሁ ነርሶች፣ በተኙበት ክፍል የራሳችሁን ታማሚ ስታስታምሙ ለእኛም ሻይና ሾርባ ስታቀምሱን የነበራችሁ አስታማሚዎች፣ ውለታችሁን አንረሳም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ጥቂት ሳምንታት አብረውን ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸውን አቀፉ፣ ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ፣ ለእናታችን የሚሉትን አሉ። ሳንሰናበታቸው ሳይሄዱ የቀሩት በእናንተ ነው።

የቀብሩን ነገር እንዴት አድርጌ ልናገር። እድርተኛው ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ እንጨቱንና ውኃውን አሟልቶ እኛ ከልቅሶ ቀና ስንል ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ነበር። የሰፈሩ እናቶች ንፍሮውን ቀቅለው እንጀራውን ጋግረው ሳይበቃቸው፣ የአባታችንን ዕድሜ ከልጅነት እስከ ሽምግልና በሙሾ ሲያወርዱት እኛ ልጆቹ የማናውቀውን ሁሉ ሰማን። ካህናቱ ሌሊቱን በፍትሐት አነጉ። ከደምበጫና ከቡሬ፣ ከሞጣና ከቢቸና የመጣችሁ፣ መንገድ ይከፈታል ይዘጋል በሚባልበት በዚህ ክፉ ጊዜ፣ አንዳንዶቻችሁ ረጅሙን በእግራችሁ ተጉዛችሁ ደረሳችሁ። በክልሉ ምክር ቤት አብረዋቸው አባል የነበሩ አንድ አዛውንት ከእንጅባራ ተነሥተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ የአዊን ሕዝብ ሐዘን ይዘው መጥተው ከመቃብሩ አፋፍ ቆመው አለቀሱ። ያየን ሁሉ አንረሳውም።

ብዙዎቹ ወጣቶች አባታችን የክልል ምክር ቤት አባል እንደነበሩ የሰሙት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ነው። በልቅሶ ላይ የሚነበብ ታሪክ ደግሞ አጭር ነው። የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ የልጆች ቁጥር ተብሎ ያልቃል። ስለዚህ ካወቅሁት ጥቂት ልጨምር፤ ይህም ለእናንተ ያለብኝ ዕዳ ነው።

አባታችን ሕግ ምን እንደሚያመጣ ያወቁት በልጅነታቸው ነው። በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ፓርላማ አልፎ የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃም ሲደርስ፣ ገበሬው የሰማው ርስትህ ሊለካ ነው፣ ከእጅህ ሊወጣ ነው የሚለውን ነበር። አዋጁ ምን እንደሚል ቁጭ ብሎ ያስረዳው አልነበረም። አገሩ ሸፈተ፤ ጦር ዘመተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ። አያታችንም ጫካ ከገቡት አንዱ ነበሩ። በኋላ መንግሥት አገረ ገዥውን አነሣ፤ የተከማቸውን ውዝፍ ግብርም ማረ። የሞተው ግን አልተመለሰም። አባታችን ይህን ሲያወጉ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሞተው ማንም ያላነበበለትን ወረቀት ፈርቶ ነው ይሉ ነበር። ሕይወታቸውን በሙሉ ሲሠሩት የኖሩት ሥራ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከዚህች ቁጭት የተነሣ ነው።

ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ሲማሩ በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ። ሲመለሱ መምህር ሆኑ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ቀን ሕፃናቱን፣ ማታ በኩራዝ ወላጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር። በቀብሩ ላይ «ስሜን መጻፍ ያስተማሩኝ» እያሉ ያለቀሱት አረጋውያን ከዚያ ዘመን ናቸው።

በግንቦት 1992 ዓ.ም. ምርጫ ከ294ቱ የአማራ ክልል ምክር ቤት መቀመጫዎች አንዱን ይዘው ባሕር ዳር ሄዱ። ምክር ቤቱ ያኔ ከሞላ ጎደል በአንድ ድርጅት አባላት የተያዘ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ አባታችንም የዚያው ድርጅት አባል ነበሩ። በዚህ ምክንያት የራቋቸው ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሐዘናቸውም እውነተኛ ሐዘን ነበር። በ1989 ዓ.ም. በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራሲ»፣ ማለትም የቀድሞ ሥርዓቶች ሹም፣ የሚል ስም ተለጥፎባቸው ከአራት ቃዳ፣ ከአንድ ሄክታር ገደማ፣ የተረፈው መሬታቸው የተወሰደባቸው ገበሬዎች በየቤታቸው ቁስላቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። አባታችን ተመርጠው እንደመጡ መጀመሪያ የሄዱት ወደ እነዚሁ ሰዎች ቤት ነው። የተወሰደውን ሊመልሱላቸው አይችሉም፤ ይህንንም አልደበቋቸውም። ተቀምጠው ግን ሰሟቸው፤ የሰሙትንም ባሕር ዳር ሄደው ተናገሩ። ከእነዚያ ገበሬዎች አንዱ፣ ዛሬ ሽማግሌ የሆኑት፣ የአባታችንን አስከሬን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ከተሸከሙት ቀዳሚው ነበሩ። ይልቀቁልን፣ እኛ እንሸከም ብንላቸው አልለቅም አሉ። ጋሼ፣ ይህን ውለታ የምንከፍልበት የለንም።

ከጉባኤ ሲመለሱ ቦርሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ዝክረ ሕግ አለ። ክልሉ አዋጆቹን የሚያወጣበትን ጋዜጣ እንደሌላው ሰው መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንቀጹን ያነቡታል፤ ቀጥለው በገበሬው ቋንቋ ይፈቱታል፤ ከዚያ ጥያቄ ይቀበላሉ። ቁጣም ይቀበላሉ። አንዳንዱ እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለወከለው ክልል ሕዝብ ነው ይላል፤ አባታችን ያንን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። በ1994 ዓ.ም. የክልሉ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ ሲጸድቅም እንዲሁ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው እዚያው ጥላ ሥር ተነቧል። እኔ ያኔ ለጋ ወጣት ነበርኩ፤ ውኃ የማቀርበው እኔ ነበርኩና ብዙውን ሰምቻለሁ።

ከሁሉ የከበደባቸው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነበር። አዋጅ ቁጥር 79 ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ በአገራችን ደግሞ ገና አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የምትዳር ልጅ ብርቅ አልነበረችም። ያ እሑድ ጸጥ ያለ አልነበረም። ልጄን መቼ እንደምድር ባሕር ዳር ሊነግረኝ ነው ወይ ብለው የተነሡ፣ ድግስ ጠምቀው የተቀመጡ አባቶች ነበሩ። አባታችን አልሸሹም። እዚህ ላይ ግን እናታችንን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ሰርግ የታሰበላቸው ልጆች እናቶች በማታ በጓሮ በር እየመጡ ለእናታችን ይነግሩ ነበር፤ በአደባባይ ለምክር ቤት አባሉ መናገር አይችሉማ። እናታችን ለአባታችን፣ አባታችን ከትምህርት ቤቱ መምህራንና ከካህናቱ ጋር ሆነው ለወላጆቹ። በክስ ሳይሆን በሽምግልና ስንት ሰርግ እንደቀረ መዝገብ አልያዙም። ያልቀረም ነበር፤ ተድራ በወሊድ የተጎዳች የአጎራባች መንደር ልጅ ነገር እስከ ሕመማቸው ድረስ ያንገበግባቸው ነበር። ሰርጋቸው ከቀረላቸው ልጆች አንዷ ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የልጆች እናት ናት። በቀብሩ ዕለት እናታችንን ከጧት እስከ ማታ ደግፋ የዋለችው እሷ ናት። እኅታችን፣ ያን ቀን አንቺ ባትኖሪ እናታችን ምን ይሆኑ እንደነበር አናውቅም።

በዚያው ዓመት የመሬት ልኬታውና የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ተጀመረ። ልኬታ ሲባል የ1960ው ፍርሃት ተመልሶ መጣ፤ ገመድ የያዘ ሰው ሲታይ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አባታችን ከተመረጡት የቀበሌው መሬት ኮሚቴ አባላት ጋር ማሳ ለማሳ ዞሩ። ወሰንተኛ ከወሰንተኛ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ድንበሩን ራሱ አሳይቶ፣ ተስማምቶ እንዲጻፍ ነው የደከሙት። ባልና ሚስት በጋራ ይዞታቸው ላይ ሁለቱም ስማቸው እንዲገባ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ሲባል ብዙ ወንድ አጉረመረመ። አባታችን የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ያስነሡት እናታችንን ነው። ያ ደብተር ዛሬም ቤታችን አለ፤ እናታችን በነጠላቸው ተከናንበው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

በ1997 ዓ.ም. ዘመናቸው ሲያበቃ እንደገና አልተወዳደሩም። ለጉባኤ ባሕር ዳር ሲመላለሱም ያልተዉትን ጠመኔ ይዘው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ። ቤት አልሠሩም፣ መኪና አልገዙም፤ ይህን የምለው ለሙገሳ አይደለም፣ ወሬ ስለነበረ እውነቱ ይታወቅ ብዬ ነው። ከጡረታ በኋላ ያለውን ዘመን በሽምግልና ኖሩት። የደም ዕርቅ የያዙ እንደሆነ ሳምንት ሙሉ እቤት አይገኙም፤ ከገዳይ ወገን ወደ ሟች ወገን፣ ከዚያም መልሰው። በሕመማቸው ጊዜ ያስታረቋቸው ሁለት ቤተሰቦች ሽማግሌዎቻቸውን ልከው በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ጠየቋቸው። ቀብሩም ላይ አብረው ነበሩ። ለእኛ ለልጆቹ ከዚህ የበለጠ ማጽናኛ አልመጣልንም።

በፖለቲካው የማትስማሟቸው፣ ሲናገሩ በአደባባይ የተቃወማችኋቸው፣ ደጃፋችንን ለዓመታት ያልረገጣችሁ ሰዎችም መጥታችኋል። ተለይታችሁ እንድትታወቁ አይደለም ይህን ማንሣቴ። አባታችን በሕይወት ቢኖሩ በመጀመሪያ እጅ የሚነሡት እናንተን እንደነበር ስለማውቅ ነው። ከውጭ አገር በስልክ ያለቀሳችሁ፣ ኔትወርክ እየጠፋ እየተቋረጠባችሁ ደጋግማችሁ የደወላችሁ፣ ለተዝካሩ ገንዘብ የላካችሁ የአገር ልጆችም እግዚአብሔር ይስጥልን። ከላካችሁት የተረፈው በእናታችን ፈቃድ ለእድሩ የድንኳን ማደሻ ገብቷል፤ ደረሰኙ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ይገኛል።

ሁለት ነገር ላሳስብና ልጨርስ። የአርባ ቀኑ ጸሎት በዚያው አጥቢያ ይደረጋል፤ የምትችሉ ከቅዳሴው ጀምራችሁ እንድትገኙልን፣ መንገድ የማያስመጣችሁ ባላችሁበት በጸሎት እንድታስቡልን እንለምናለን። ሌላው የአባታችን ወረቀቶች ጉዳይ ነው። ዝክረ ሕጎቻቸውን፣ የጉባኤ ማስታወሻዎቻቸውንና የዕርቅ ውሎቹን ሰብስበን ላስተማሩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለመስጠት ተስማምተናል። አባታችን ማንበብ ለፈለገ ሁሉ ያውሱ ስለነበር ብዙው ቅጽ በየሰዉ ቤት እንደቀረ እናውቃለን። በእጃችሁ ያለ ካለ እስከ አርባው ድረስ ለታናሽ ወንድሜ ብታደርሱት፣ ኮፒ ማስቀረት ለሚፈልግ ወጪውን እኛ እንችላለን። በተለይ የቤተሰብ ሕጉ የወጣበት ቅጽ አልተገኘምና ያየ ሰው ይንገረን።

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ብድራችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃን።

የሟች ባለቤትና ልጆች
ጎዛምን፣ ምሥራቅ ጎጃም